የፆም ባልዲና የፍስክ ባልዲ፦ የሆቴል ትርፍራፊ ለከብት መቼ ይሰጣል?

አዳማ የስብሰባና የሥልጠና ከተማ ናት። ሆቴሎቿ ቡፌ ይዘረጋሉ። ተሰብሳቢው ከሚበላው በላይ ያነሳል፤ የተረፈው በጓሮ በር ይወጣል። እዚያ በር ላይ ደግሞ የሚጠብቅ ሰው አይጠፋም። ባልዲና በርሜሉን በጋሪ ወይም በባጃጅ ጭኖ ወደ ቦኩ ወይ ወደ ወንጂ አቅጣጫ ይሄዳል። ማታውኑ የአንዱ ላም፣ የሌላው ዶሮ፣ የሌላው ድልብ በሬ ይበላዋል።

በዚህ አርቢውን መቆጣት አይገባም። ፉሩሽካና ፋጉሎ እንዲህ በተወደደበት ጊዜ፣ በነፃ ወይም በትንሽ ብር የሚገኝ ምግብ ይቅርብኝ የሚል ሰው አይገኝም። ምግብ ቆሻሻ ውስጥ ከሚገባም ከብት ቢበላው ይሻላል። ግን ይህ ባልዲ በብዙ አገር ወይ በሕግ የተከለከለ ነው፣ ወይ ያለ ፈቃድ አይነካም። ሕጉን ያወጡትም ወደው አይደለም። በዚሁ ባልዲ የገባ በሽታ ሚሊዮን እንስሳ ሲያስፈጅ ስላዩ ነው።

ባልዲውን ቀስ ብለን እናራግፈው

ከላይ በሽሮና በቀይ ወጥ የራሰ እንጀራ አለ። ከሥሩ ሩዝ፣ ፓስታ፣ የሰላጣ ቅጠል፣ የተገመጠ ዳቦ። ዝቅ ሲባል የዶሮ አጥንት፣ የጥብስ ስብ፣ ከቁርጥ የተረፈ ጅማትና ሞራ ይመጣል። በመሃል ምግብ ያልሆነውም ተቀላቅሏል፦ ስቴኪኒ፣ ሶፍት፣ ቆርኪ፣ ፎይል፣ የተበጣጠሰ ፌስታል።

ላም መርጣ አትበላም። በምላሷ ጠቅልላ ታስገባዋለች። ሹል ብረት ከሆነ ሁለተኛው የሆዷ ክፍል ውስጥ ይቀመጥና ቀስ እያለ ወደ ልቧ ሊወጋ ይችላል። ፌስታሉ ተጠቅልሎ ሆዷን ይዘጋል። ቄራ የሚሠራ ዘመድ ካላችሁ ጠይቁት፤ ከከብት ሆድ የሚወጣውን ፌስታል ይነግራችኋል። ዳቦና እንጀራም በአንድ ጊዜ ሲበዛባት ሆዷ ውስጥ አሲድ ይፈጥራል፤ ባስ ሲልም ይገድላታል። ሽንኩርት ሌላው ነው። የእኛ ወጥ ያለ ሽንኩርት አይሠራም፤ ከብት ደግሞ ሽንኩርት ሲበዛበት ደሙ ውስጥ ያለው ቀይ ሴል ይፈርሳል፣ ሽንቱ ይቀላል። ዶሮ በበኩሏ ጨው አትችልም።

ይህ ሁሉ ጉዳቱ ለባለቤቱ ነው። ላሟ የታመመችበት ሰው ያዝናል፣ ይከስራል፣ ጎረቤቱ ግን ምንም አይሆንም። መንግሥታት ሕግ ያወጡት ለሌላው ዓይነት ጉዳት ነው፤ ከአንድ በረት ተነስቶ ሰፈሩን፣ ወረዳውን፣ አገሩን ለሚያዳርሰው።

በሽታ በትርፍራፊ እንዴት ይሄዳል?

አፍተግርን እንውሰድ፤ ብዙ አርቢ ማዝ የሚለውን። አገራችን ውስጥ የኖረ በሽታ ነው። ከብቱ ትኩሳት ይይዘዋል፣ አፉና የኮቴው መሃል ውኃ ቋጥሮ ይቆስላል፣ ምራቁ ይዝረበረባል። የአበሻ ከብት ብዙ ጊዜ ይድናል። የዲቃላ ላም ወተት ግን ይወርዳል፣ ጥጃ ይሞታል፣ የሚያርስ በሬ በእርሻ ወቅት እግሩን ይዞ ይተኛል።

አስቸጋሪው ነገር፣ ቫይረሱ ቁስሉ ከመታየቱ በፊት ደም ውስጥ መኖሩ ነው። ጤነኛ የሚመስል በሬ ይታረዳል። ሌላም አለ፤ ሁላችንም የምናውቀው። ከብቱ ሲከፋበት «ሳይሞት ይታረድ» የሚል ሰው አለ። በቄራ በኩል ካላለፈ ማንም ሐኪም አያየውም። ስጋው ወደ ሰው፣ አጥንቱና ትርፍራፊው ወደ ባልዲው ይሄዳል። አፍተግር የሰው በሽታ አይደለም ሊባል ይችላል፤ ስለዚህ የበላው ሰው ምንም አይልም። ባልዲው ግን ቫይረሱን ተሸክሞ ሌላ ግቢ ይገባል።

እዚህ ላይ የእኛ ባልዲ ከብዙ አገር ባልዲ ይለያል። እኛ ጥሬ ስጋ እንበላለን። ስጋ ሲያድር በራሱ ይኮመጥጣል፤ ኮምጣጣነቱ ሥጋው ውስጥ ያለውን የአፍተግር ቫይረስ ይገድለዋል። ግን ይህ ሰዓታት ይፈልጋል። መቅኔ፣ ሊምፍ ዕጢና የሆድ ዕቃ ደግሞ እንደ ሥጋው አይኮመጥጡም፤ ቫይረሱ እዚያ ይቆያል። ታዲያ ከቁርጥ ሳህን ላይ ተመርጦ የሚተወው ምኑ ነው? ጅማቱ፣ ዕጢው፣ አጥንቱ። ሰው የሚተወው ክፍልና ቫይረሱ የሚቆይበት ክፍል በአብዛኛው አንድ ነው። እሳት አልነካውም፣ አላደረም። «ከሰው የተረፈ ምግብ እኮ ነው፣ ምን ያመጣል?» ሲባል የምሰጋው ለዚህ ነው።

ከእንስሳት ሁሉ በዚህ መንገድ ቶሎ የሚያዘው አሳማ ነው። ከብት አፍተግርን በብዛት የሚይዘው በትንፋሽ ነው፤ በምግብ ለመያዝ ብዙ ቫይረስ ያስፈልገዋል። አሳማ ግን በምግብ በቀላሉ ይያዛል፤ ከተያዘ በኋላም በትንፋሹ እጅግ ብዙ ቫይረስ ይረጫል። አሳማ አንበላም ብለን ጉዳዩን የሌላ ሰው አናድርገው። ቢሾፍቱና አዲስ አበባ ዙሪያ አሳማ የሚያረቡ አሉ፤ ንፋስ ደግሞ የማን በረት እንደሆነ አይጠይቅም።

እንግሊዝ የደረሰባት

በዚህ ጉዳይ የሚጠቀሰው ትልቁ ታሪክ እ.ኤ.አ. የ2001ዱ የእንግሊዝ አፍተግር ነው። መነሻው ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ ያለ አንድ የአሳማ እርባታ መሆኑ ታወቀ። አሳማዎቹ ያልፈላ የምግብ ትርፍራፊ ይበሉ ነበር። ከእነሱ ወደ ጎረቤት በጎች ተዛመተ፤ በጎቹ ወደ ገበያ ተነዱ፤ ገበያው አገሩን አዳረሰው። እስኪቆም ድረስ ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳት ተወገዱ። ኪሳራው ከ8 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ደረሰ።

ልብ በሉ፤ እንግሊዝ ሕግ አልነበራትም ማለት አይደለም። ከ1973 ጀምሮ ትርፍራፊ ለአሳማ የሚሰጥ ሰው ፈቃድ እንዲያወጣና ትርፍራፊውን በ100 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት እንዲያፈላ ሕጉ ያዝ ነበር። ያ እርባታም ፈቃድ ነበረው። አንድ ግቢ ውስጥ ማፍላት ሲቀር አገር ከፈለ። ስለዚህ በ2001 ሙሉ በሙሉ ከለከሉት፤ የአውሮፓ ኅብረትም ተከተለ። ዛሬ እንግሊዝ ውስጥ በግቢህ ላለችው ዶሮ ከወጥ ቤትህ የሰላጣ ቅጠል መስጠት ሕገ ወጥ ነው። ስጋ የሚገባበት ወጥ ቤት ከሆነ ቅጠሉም እንደ ስጋ ይቆጠራል። የሚፈቀደው የእንስሳት ተዋጽኦ ጭራሽ ለማይገባበት ቤት ብቻ ነው።

ከእንግሊዝ በፊትም በኋላም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። አሜሪካ ውስጥ በ1952 ከአንድ የመንገደኞች ባቡር የወጣ የወጥ ቤት ትርፍራፊ ዋዮሚንግ ላይ ለአሳማ ተሰጥቶ አፍተግርን የሚመስል ሌላ የአሳማ በሽታ ከካሊፎርኒያ ወደ ሌሎች ግዛቶች ተሻገረ። የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት የሚባለው፣ በ1921 ኬንያ ውስጥ የተመዘገበው በሽታ፣ በ1957 ሊዝበን የገባው ከአውሮፕላን በወረደ የምግብ ትርፍራፊ ነው። በ2007 ጆርጂያ የገባው በፖቲ ወደብ በኩል፣ ከመርከብ በወረደ ትርፍራፊ እንደሆነ ይታመናል። በ2018 ቻይና ደረሰ። ይህ ቫይረስ በደረቀና ጨው በተነሰነሰበት ስጋ ውስጥ ለወራት ይቆያል። ሰውን አይነካም፤ አሳማን ግን ይጨርሳል። በእኛም አገር እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2014 ከታመሙ አሳማዎች ናሙና ተወስዶ፣ ከዚያ በፊት ያልታወቀ የቫይረሱ ዝርያ ተገኝቷል።

እሳት የማይፈታው

«እናፈላዋለና» የሚል መልስ ይመጣል። ጥሩ መልስ ነው፤ ብዙውን ነገር ይፈታል። የማይፈታውን ግን አስቀድመን እንለይ።

አንዱ የዕብድ ላም በሽታ ነው። በ1986 እንግሊዝ ውስጥ ታወቀ። የመጣው ከብትን የከብት ሥጋና አጥንት ዱቄት በመመገብ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስም ባክቴሪያም ሳይሆን ቅርጹ የተበላሸ ፕሮቲን ነው፤ ፕሮቲኑ ተራ ማፍላትን ይቋቋማል። እዚያ ከ180,000 በላይ ከብት ታመመ። በ1996 ወደ ሰው እንደሚሻገር ተነገረ፤ በእንግሊዝ ብቻ 178 ሰው ሞተበት። ስለዚህ ለላም፣ ለበሬ፣ ለበግና ለፍየል ስጋ ያለበት ነገር አይሰጥም። ቢፈላም አይሰጥም። ቅጠል የሚያመሰኳ እንስሳ ስጋ ምን ያደርግለታል?

ሁለተኛው ሻጋታ ነው። አረንጓዴ የለበሰ ዳቦ ወይም እንጀራ ለላም ሲሰጥ ሻጋታው የሚፈጥረው አፍላቶክሲን ጉበቷን ይጎዳል፤ ከፊሉም ወደ ወተቷ ይሻገራል። ማፍላት አያጠፋውም፤ ወተቱን ማፍላትም አያጠፋውም። ይህ መርዝ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ቢሾፍቱን ጨምሮ በአዲስ አበባ የወተት ቀጠና ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት የመረመራቸው 110 የወተት ናሙናዎች ሁሉም አፍላቶክሲን ነበራቸው። እዚያ ዋናው መንገድ የኑግ ፋጉሎ ነበር። የሻገተ ዳቦ ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። «ለሰው አይሆንም፣ ለላም ይሁን» የሚለው ነገር ተመልሶ በልጆቻችን ብርጭቆ ይመጣል።

አዳማ ላይ ውኃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?

ለዶሮና ለአሳማ ግን ማፍላት ይሠራል፤ በትክክል ከተሠራ። የአሜሪካ ሕግ የምግብ ትርፍራፊ ለአሳማ ከመሰጠቱ በፊት ፈቃድ ባለው ቦታ በ100 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ እንዲፈላ ያዛል። አዳማ ላይ በተራ ድስት 100 ዲግሪ አይገኝም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃ እዚህ 95 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ የቱንም ያህል ማገዶ ቢጨመር ከዚያ አያልፍም። ሐዋሳም ያው ናት።

ደግነቱ የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት መለኪያ ለእኛ ይመቻል። ሳይቋረጥ እየተማሰለ፣ ቢያንስ 90 ዲግሪ ላይ ቢያንስ ለ60 ደቂቃ ይላል። የግማሽ በርሜል ድስት፣ ረጅም ማማሰያና አንድ ሙሉ ሰዓት ካለ ይቻላል። ሰዓቱ የሚቆጠረው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ እንጂ እሳቱ ከተለኮሰበት አይደለም። ማማሰሉን ማቅለል አይገባም። ወፍራም ቅልቅል ከዳር እየተንተከተከ መሃሉ ለብ ያለ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ትልቅ አጥንትም ውስጡ ሳይሞቅ ይቀራል። የፈላው ዕቃ ያልፈላው ተይዞበት ወደነበረው ባልዲ ከተመለሰ ደግሞ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ሁለት ባልዲ፣ ሁለት ጭልፋ፣ ከተቻለ ሁለት ቦታ ያስፈልጋል።

የከሰልና የማገዶን ዋጋ ለምታውቁት፣ ይህ ለትንሽ አርቢ አይከፍልም። ስለዚህ ነገሩን ከምንጩ መያዝ ይሻላል እላለሁ።

ሁለቱ ባልዲዎች

ሕጉ በሌላ አገር «የእንስሳት ተዋጽኦ የነካው» እና «ያልነካው» ብሎ ይከፍለዋል። ይህን ለአዳማ አስተናጋጅ ለማስረዳት ሥልጠና መስጠት አያስፈልግም። ማንኛውም ወጥ ቤት ረቡዕና ዓርብ የሚሠራበት ክፍፍል ነው፦ ፆምና ፍስክ። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሩዝ፣ ዳቦ፣ የአትክልት ልጣጭ በፆሙ ባልዲ። ስጋ፣ አጥንት፣ ቅቤ፣ አይብ፣ እንቁላልና እነሱ የነኩት እንጀራ በፍስኩ። ዓሣን አንዳንዱ ቤት በፆም ይበላዋል፤ እዚህ ግን ከፍስኩ ይቆጠር።

ክፍፍሉ መሠራት ያለበት ሳህን በሚነሳበት ቦታ ነው። ሁለቱ አንዴ ከተቀላቀሉ ማንም አይለያቸውም። ጥሬ ስጋ የነካው ሽሮ ፆም አይደለም። ቦኩ አካባቢ ላም የምታረባ አንዲት እናት ዕቃ አጣቢዎቹን «ልጆቼ፣ የፆሙን ብቻ ለዩልኝ፤ የፍስኩን ለእኔ አታድርጉት» እያለች ትለምናለች። የምትለምነው ነገር ልመና መሆኑ ነው የሚያሳዝነኝ። የሆቴሉ ግዴታ መሆን ነበረበት።

አገራችን ሕግ የላትም ማለት አይቻልም። የእንስሳት በሽታን ስለመከላከል አዋጅ ቁጥር 267/1994 ወጥቷል። የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 728/2004 አለ፤ ሥራው ዛሬ በኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ሥር ነው። ግን በእኔ እይታ የመኖ ቁጥጥሩ ዓይኑ ያለው ፋብሪካው፣ አስመጪውና ነጋዴው ላይ ነው። በጓሮ በር የሚወጣው ባልዲ ከፋብሪካ አልወጣም፣ ደረሰኝም የለውም፣ መኖ ነው ብሎ የመዘገበውም የለም። የሆቴል ወጥ ቤት ንጽሕና የሚያይ ተቆጣጣሪ ግን በየጊዜው ይመጣል። ቅጹ ላይ አንድ ጥያቄ ቢጨመር፣ የፆምና የፍስክ ትርፍራፊ ተለይቷል ወይ ቢባል፣ አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም ሳያስፈልግ ግማሹ መንገድ ተኬደ። ትርፍራፊ የሚወስደው ሰው ስልክና ሰፈሩ በአንድ ደብተር ቢያዝ ደግሞ ሌላው ግማሽ።

የፆሙ ባልዲም ቢሆን ፌስታልና ቆርኪው ተለቅሞ፣ ሳይሻግት፣ በዚያው ቀን፣ ከገለባና ከሣር ጋር በልክ ይሰጥ። የፍስኩ ባልዲ ለከብት አይሄድም። በደንብ ከፈላ ለአሳማና ለዶሮ፣ ካልሆነ ለባዮጋዝ ወይም ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ። ጥሬ የሆድ ዕቃን ለውሻ መወርወርም መፍትሔ አይሆንም፤ ውሻ በዚያ የሚይዘው ትል እንቁላሉ ተመልሶ ወደ ከብትና ወደ ሰው ይገባል፣ ጉበትና ሳንባ ላይ ውኃ የቋጠረ እጢ ይሠራል። በፋሲካና በዓረፋ ማግስት በየአጥሩ ሥር የምናየውን አስቡ። በዐቢይ ፆም ግን ብዙ ሆቴል ስጋ ስለሚያቆም ባልዲው በራሱ ይነጻል። መለየትን መጀመር የሚቀለውም ያኔ ነው።

አዳማ ላይ ይህን ጉዳይ ከሌላ ከተማ በላይ የሚያከብደው ድለባው ነው። ከቦረና የሚመጡ ኮርማዎች እዚህ ዙሪያ ደልበው በጅቡቲ በኩል ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 ግብፅ ላይ የወጣ አፍተግር ከኢትዮጵያ ከገቡ ከብቶች ጋር ተያይዟል። ገዢ አገር እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ በሩን ይዘጋል፤ ሲዘጋ ደግሞ የሚቀጣው ባልዲውን የወሰደው ሰው ብቻ ሳይሆን ደላቢው፣ ጫኙ፣ መኖ ሻጩ፣ ሾፌሩ ሁሉ ነው።

በግቢያችሁ ያለ ከብት ምራቁ መዝረብረብ ከጀመረ፣ ማንከስ ካመጣ፣ አፉን ገልጣችሁ ቁስል ካያችሁ ያን ቀን ባልዲውን አቁሙ። ከብቱን ከግቢ አታውጡት፤ ወደ ገበያም ወደ ወንዝም አትንዱት፤ «ሳይሞት» ብላችሁም አታርዱት። የወረዳውን የእንስሳት ሐኪም ጥሩና ያለፉት ሁለት ሳምንታት ትርፍራፊ ከየት ከየት እንደመጣ በግልጽ ንገሩት። ከዚያው በር የወሰዱ ሌሎች አርቢዎችን ቶሎ ማግኘት የሚችለው ይህን ካወቀ ነው።